ለአሮጌ ባይኖኩላር አዲስ ባለቤት

ልጄ፣ ኪስ የምትገባ አሮጌ ባይኖኩላር ልትገዛ ገበያ እያሰስክ ነው አሉ፤ ይህን ስታነብ ገዝተህም ይሆናል። ደግ አደረግህ። የምነግርህ ብዙ ቢሆንም መነሻው አንድ ነው፦ እጅህን ሰብስብ። አሮጌ መነጽር በአቧራ ብቻ አይሞትም። የሚገድለው ባለቤቱ ነው፤ በሸሚዙ ጫፍ ሲወለውላት፣ እፍ እያለ ሲፈትጋት፣ «ውስጧን ልየው» ብሎ ካቻቢቴ ሲያነሳባት። የእኛው ገርጂ ደግሞ በበጋ አቧራው፣ በክረምት እርጥበቱ የማይለቅ ሰፈር ስለሆነ እጅ ያቁነጠንጣል። አንዳንዱን ምክር አስረዝመዋለሁ፣ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ የምቆየው ሰው በብዛት የሚስትበት ቦታ ላይ ነው።

1. ቁጥሯን አንብብ።

ገላዋ ላይ 8×20፣ 8×21፣ 7×26 ወይም 10×25 የሚል ጽሑፍ ታገኛለህ። የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደምታቀርብ ይናገራል፤ ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለው። 20 ለ8 ሲካፈል 2.5 ይመጣል። ይህ ከመነጽሯ ወጥቶ ዓይንህ ውስጥ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የዓይን ብሌን በጠራ ቀን ጠብቦ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይሆናል፤ በጨለማ ግን በወጣት ዓይን እስከ 7 ይሰፋል። ስለዚህ ትንሿ መነጽር በጠዋትና በቀትር ከትልልቆቹ እኩል ታሳይሃለች፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ትደክማለች። 8×30 የሆነችው ታላቅ እኅቷ ከእጥፍ በላይ ብርሃን ትሰበስባለች፤ ሃያ በሃያ 400፣ ሠላሳ በሠላሳ ደግሞ 900 ነውና። ሻጩ «ሌሊትም ታያለች» ካለህ ፈገግ ብለህ ወደ ዋጋው እለፍ።

10 እጥፍ ከ8 ይበልጣል ብለህም አትጓጓ። ዕቃውን ስታቀርብ የእጅህን መንቀጥቀጥም አብረህ ታቀርባለህ። ለትንሽና ቀላል መነጽር 7 ወይም 8 በቂ ነው ባይ ነኝ።

አንዳንዷ ላይ ደግሞ 6.5 ዲግሪ የሚል ታያለህ፤ የእይታዋ ስፋት ነው። አንድ ዲግሪ በ1000 ሜትር ርቀት ላይ 17 ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል፤ 6.5 ዲግሪ ማለት 114 ሜትር ያህል ስፋት በአንድ ጊዜ ታሳይሃለች ማለት ነው። ሰፊ እይታ ያላት በራሪ ወፍ ለመከተል ትመቻለች።

2. አገሯን ጠይቅ።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚዞሩት አሮጌ መነጽሮች የመጡበት መንገድ ጥቂት ነው። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላኩ ሰዎች ከዜኒት ካሜራ ጋር ይዘዋቸው የመጡ አሉ። ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ዕቃቸውን የሚሸጡ የውጭ አገር ሰዎች የተዉአቸው አሉ። የሟች አባት ቁም ሣጥን ሲጸዳ ለቆራሌው የሚሰጡም አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጉዞው ወደ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ አንዱ የቴሌግራም ቻናል ነው።

የና ከተማ የተሠራችው የዛይስ 8×21 «ቱርሞን» ትባላለች፤ ትንሽ፣ ጠንካራና ሹል እይታ ያላት ናት። የሶቪየቶቹ አብዛኞቹ 8×30 ስለሆኑ ኪስ አይገቡም፤ ግን ብታገኝ ተከታታይ ቁጥሯን እይ፣ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች የተሠራችበት ዓመት ናቸው፤ በ83 የሚጀምር ከሆነ 1983 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። እይታዋ ወደ ቢጫ ካደላ አትደንግጥ፣ ከፋብሪካዋ እንደዚያው ነች። ጃፓን የተሠሩት ላይ ጄቢ የሚሉ ፊደላትና ቁጥር ተቀርጸው ካየህ የገጣጠማት ፋብሪካ መለያ ነው፤ ምርመራ ማለፏን የሚናገር ወርቃማ ሞላላ ወረቀት የተለጠፈባቸውም አሉ። የስም ነገር ከሆነ ግን በደንብ የተያዘች ስም የለሽ ጃፓናዊት፣ ከወደቀች ዛይስ ትሻላለች።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ይዞልህ እንዲመጣ ካሰብክ አስቀድመህ ጉምሩክን ጠይቅ። ባይኖኩላር በቦሌ ሻንጣ ሲፈተሽ ጥያቄ ከሚያስነሱ ዕቃዎች አንዱ ነው።

3. ከመክፈልህ በፊት በውስጧ ብርሃን አሳልፍ።

የስልክህን መብራት ከፊት ሌንሷ በኩል አብርተህ በዓይን በኩል ተመልከት፣ ከዚያ ገልብጠህ ድገመው። ትንሽ ትንሽ የአቧራ ነጥብ ምንም አይደለም፤ እይታውን አይነካም። የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ጭጋግ የመሰለ ስስ ነጭ ሽፋን፤ ብዙ ጊዜ ከድሮ ግራሶ የተነነ ቅባት ነው። ሁለተኛው እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር፤ እሱ ሻጋታ ነው። ሦስተኛው በሌንሱ ጠርዝ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም፤ ተጣብቀው የነበሩ ሁለት ሌንሶች መለያየት መጀመራቸውን ይናገራል። የመጀመሪያዋ በባለሙያ እጅ ትድናለች። ሁለተኛዋ ዋጋ ታስቀንሳለች። ሦስተኛዋን ከያዘች ተዋት።

ቀጥሎ ሌንሱን አዘንብለህ የሚያንጸባርቀውን ቀለም እይ። ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ወይም ወርቃማ ነጸብራቅ ካየህ ሌንሱ ስስ ሽፋን ተቀብቷል። ይህ ሽፋን የዛይስ ሰዎች በ1935 እ.ኤ.አ. ያገኙት ብልሃት ነው። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጽ ላይ 4 በመቶ ያህል ብርሃን መልሶ ይወረውራል፤ በአንድ ጎን አሥር ገጽ ቢኖር ከገባው ብርሃን ሲሶው መንገድ ላይ ይቀራል። ሽፋኑ ይህን ኪሳራ ይቀንሳል። ውፍረቱ ግን የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺኛ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር አትርሳው፤ ወደ ጽዳቱ ስንመጣ እንፈልገዋለን።

4. ሁለቱ ዓይኖቿ አንድ ቦታ ማየታቸውን ፈትን።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ፈተና ይህ ነው፤ ሻጭም ገዢም የሚረሱት ግን እሱኑ ነው። ገርጂ የመብራትና የቴሌ ሽቦ አላጣችም፤ አግድም የተዘረጋ አንዱን ምረጥ። ሽቦ ካልታየህ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ የጣሪያ ጠርዝ ይሆናል። መነጽሯን ዓይንህ ላይ አድርገህ አጥራው፤ ከዚያ ዓይንህን ከሽቦው ሳትነቅል መነጽሯን ብቻ ቀስ እያልክ ከፊትህ አርቃት። በግራውና በቀኙ ክብ ውስጥ ያለው ሽቦ አንዱ የሌላው ቀጣይ ሆኖ ከተዘረጋ ጤነኛ ነች። አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ካለ አንድ ቀን ወድቃለች፤ ውስጧ ያለው ፕሪዝም ከቦታው ተንቀሳቅሷል።

ዓይናችን ወደ ጎን ያለችን ትንሽ ልዩነት ጎትቶ ያገጥማል፤ ላይና ታች የሆነችውን ግን መግጠም አይችልም። እንዲህ ባለች መነጽር ሩብ ሰዓት ካየህ ራስህን ያምሃል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ባይኖኩላር አይስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። ችግሩ ዓይኑ ላይ አልነበረም። ማስተካከሉ ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ «እኔ በአንድ ብሎን አስተካክለዋለሁ» የሚልህን አትመን፣ ሰውየው የተመሰገነ ሰዓት ሠሪ ቢሆንም።

ማጠፊያዋንም ሞክር። ከፍተህ ስትለቃት በራሷ የምትዘጋ ከሆነች ላልታለች፤ ይህ ትንሽ ጉድለት ነው፣ ዋጋ ላይ ተከራከርበት።

5. ጽዳቱ።

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ገርጂ ግንባታ የማይቋረጥበት ሰፈር ነው። አንዱ ሕንፃ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፤ ዛሬ የተነጠፈ ኮብልስቶን ነገ ለቧንቧ ይነሳል። ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ የአፈር ብቻ ሳይሆን የአሸዋና የሲሚንቶ ብናኝ ነው። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ የአሸዋ ዋና ማዕድን የሆነው ኳርትዝ 7 ላይ ይቀመጣል፤ መስታወት ግን ከ6 በታች ነው። ያንን ብናኝ በጨርቅ ሌንስ ላይ ስትገፋ አቧራ እየጠረግህ ሳይሆን መስታወቱን እየሞረድክ ነው፤ የሚሊሜትር አሥር ሺኛ የሆነው ሽፋን ደግሞ መጀመሪያ ይሄዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ ንፋስ። ሌንሱን ወደ መሬት አዙረህ ያዝ፤ የሚረግፈው ወደ ታች እንጂ ተመልሶ ወደ መስታወቱ እንዳይወድቅ። ለማራገፊያ ከፋርማሲ የሕፃናት አፍንጫ መሳቢያ ጎማ ግዛ። ርካሽ ነው፤ ሥራው ግን ከካሜራ ሱቅ ከሚገዛው አያንስም። በአፍህ እፍ አትበል፣ ምራቅ ይረጫል። ጎሚስታ ጋ ሄደህ በኮምፕሬሰር አስነፋለሁ የሚል ሐሳብ ከመጣብህም ከሐሳብህ አውጣው፤ ከዚያ ቱቦ ውሃና ዘይት አብሮ ይወጣል፣ ግፊቱም አቧራውን ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ቀጥሎ ብሩሽ። ፓውደር ነክቶት የማያውቅ አዲስ፣ ለስላሳ የመዋቢያ ብሩሽ ይበቃል። ጫፉን በጣትህ አትንካ፤ የጣት ቅባት ወደ ሌንሱ ይሄዳል። ሳትጫን ጠርዝ ጠርዙን አራግፍ፣ መልሰህ በጎማው ንፋ።

አሁን መነጽሯን አንስተህ እይባት። ጥርት ካለች ጽዳቱ እዚህ ላይ አበቃ። ብዙ ጊዜ እዚህ ያበቃል፤ ሰው ግን እጁ ስለማያርፍ ይቀጥላል።

የጣት አሻራ ወይም ቅባት ካለ ብቻ ወደ እርጥቡ ጽዳት ትሄዳለህ። መነጽር ቤት የሚሸጠውን የሌንስ ፈሳሽና ለስላሳ ጨርቅ ግዛ። ፈሳሹን ጨርቁ ላይ አንጠብጥብ፤ ሌንሱ ላይ በቀጥታ ከነፋኸው በጠርዙ ገብቶ ውስጥ ይደርቃል፣ ከዚያ ወዲያ ማውጣት ከባድ ነው። ከመካከል ጀምረህ እየከበብክ ወደ ጠርዝ ውጣ፤ የእጅህ ክብደት እንኳ እንዳያርፍበት። አንድ ጊዜ የጠረገውን የጨርቅ ገጽ ለሁለተኛ ዙር አትጠቀምበት። ለትንሿ የዓይን ሌንስ የጆሮ ጥጥ ይመቻል፤ ግን አንከባልለው እንጂ አትፈትግበት፣ አንዱን ጫፍም ለአንድ ዙር ብቻ። ጨርቁን ራሱን በተራ ሳሙና እጠበው፤ ማለስለሻ የተጨመረበት ሳሙና ቅባት ይተዋል።

የሌንስ ፈሳሽ ካጣህ የተጣራ ውሃ ጥቂት ጠብታ ብዙ ነገር ያነሳል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ውሃ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጠርሙስ ይቀመጣልና ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብብ።

6. የማይነኳት ነገሮች።

ሳኒታይዘር፦ እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ይጨመርበታል፤ እሱ ሌንስ ላይ ይቀራል። አረቄ፦ አልኮል ብቻ አይደለም፣ ዝቃጩም አብሮ አለ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፦ ፕላስቲክና ቀለም ያቀልጣል። ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን፣ የመስኮት ማጽጃ፣ ሎሚ። ሶፍት ወረቀትም ቢሆን፣ ስሙ ሶፍት ይሁን እንጂ የእንጨት ጭረት ነው፣ ፊት ይጠርጋል እንጂ ሌንስ አይጠርግም።

7. አትፍታት።

ገርጂ ውስጥ የስልክ ጠጋኝ ሞልቷል፤ ሁሉም ጥቃቅን ካቻቢቴ አለው፣ ሁሉም ደግሞ ደፋር ነው። የስልክ ስክሪን መቀየር የሚችል ልጅ ባይኖኩላር መፍታትም ይችላል። መልሶ መግጠሙ ነው ጭንቁ። ፕሪዝሙ ከቦታው በፀጉር ስፋት ከተዛነፈ በአራተኛው ተራ ቁጥር የነገርኩህ የሽቦ ፈተና ላይ ትወድቃለች፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ደግሞ እንደገና የሚያስተካክልልህ ሰው ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የማጥሪያው ጎማ ወይም ቀለበት ጠንከር ብሎ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የደረቀ ግራሶ ነው፤ በተለይ የምሥራቅ ጀርመኖቹ በዚህ ይታወቃሉ። በኃይል አትጠምዝዘው። ለብ ባለ ክፍል ውስጥ አቆይተህ በቀስታ ወዲያና ወዲህ እያደረግህ አላምደው። የሞተር ዘይት ወይም ከመኪና ማጠቢያ የሚገኝ የሚረጭ ቅባት ጠብ እንዳታደርግበት፤ ቀጭን ዘይት እየተሳበ ፕሪዝሙ ላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ከጠነከረ ቀለበት ይልቅ የደፈረሰ መነጽር ይኖርሃል።

ውስጧ ሻጋታ ካለና እይታውን ካላደበዘዘ፣ አድርቀህ እድገቱን አቁመህ ተጠቀምባት። ሻጋታው መስታወት አይበላም፤ መስታወቱ ላይ ያለውን አቧራና ቅባት ነው የሚመገበው፣ የሚተፋው አሲድ ግን ሽፋኑን ይቦረቡራል። «ከሌሎች ሌንሶች ጋር ካስቀመጥካት ትበክላቸዋለች» የሚሉ አሉ። የሻጋታው ዘር በአየር ውስጥ በየቦታው አለ፤ የሚያበቅለው እርጥበት ነው።

8. ክረምት።

ከሰኔ እስከ መስከረም አዲስ አበባ እርጥብ ናት፤ ሻጋታ ደግሞ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ ሲያልፍ ደስ ይለዋል። በአሮጌ የቆዳ ማኅደሯ ውስጥ ዘግተህ ሣጥን ውስጥ አትክተታት። ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፣ ጠጥቶም ይይዛል። ማኅደሩን ለማስታወሻ አስቀምጠው፤ እሷን ክዳኑ በደንብ በሚገጥም የፕላስቲክ የምሳ ዕቃ ውስጥ አድርጋት። አዲስ ጫማ ስትገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምታገኛትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣል፤ ሁለት ሦስት ሰብስበህ አብረህ ክተት። ከረጢቷ ጠጥታ ስለምትጠግብ በየክረምቱ በአዲስ ተካት። ስልክ ውሃ ሲገባው ሰው ሩዝ ውስጥ እንደሚቀብረው ይህችንም እንዳትቀብራት፤ ሩዝ የሚሰጣት ዱቄቱን ነው።

ዝናብ ከነካት ውጪዋን አድርቀህ ክዳኗን ሁሉ ከፍተህ ነፋሻማ ክፍል ውስጥ አሳድራት። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ጥግ ግን አታኑራት። የዕጣንና የመጥበሻ ጭስ ቅባት አለው፤ በወራት ውስጥ ሌንሱ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጽዳቱ ልትመለስ ነው።

9. ፀሐይን በጭራሽ አትይባት።

በጭራሽ፤ ለአንድ ቅጽበትም፣ ጀምበር ስትጠልቅም። መስኮት ላይ ፀሐይ በምትመታበት ቦታም አታኑራት፤ ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ውስጧን ያቃጥለዋል።

10. ለዓይንህ አስተካክላት።

ብዙ ሰው አንስቶ መሐል ያለውን ጎማ ብቻ አዙሮ ያያል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ማጠፊያውን ከፍተህ ዘግተህ ሁለቱ ክቦች አንድ ክብ እስኪሆኑ አስተካክል። ቀጥለህ የቀኙን ሌንስ በእጅህ ሸፍን፤ ሁለቱም ዓይንህ እንደተከፈተ በግራ ዓይንህ የሩቅ ምልክት ሰሌዳ በመሐሉ ጎማ አጥራ። ከዚያ ግራውን ሸፍነህ በቀኙ ዓይን ያንኑ ሰሌዳ እይ፤ አሁን ግን የመሐሉን ሳትነካ በቀኙ የዓይን ቀለበት አጥራ። አንዳንድ ትንንሽ መነጽሮች ላይ ይህ ቀለበት ሌላ ቦታ ይሆናል፣ ፈልገው። አንዴ ካገኘኸው በኋላ የመሐሉ ጎማ ብቻ ይበቃሃል። የቀለበቱን ቦታ በትንሽ የጥፍር ቀለም ነጥብ ምልክት አድርግበት።

የዓይን መነጽር የምታደርግ ከሆነ የጎማውን ጠርዝ ወደ ኋላ ቀልብሰው። በአሮጌ ትንንሽ መነጽሮች ላይ ይህም ላይበቃ ይችላል፤ ችግርህ ሩቅ አለማየት ብቻ ከሆነ የዓይን መነጽርህን አውልቀህ በማጥሪያው አካክሰው።

11. ስትይዛት ክርንህን ደረትህ ላይ አሳርፍ።

ቆመህ ከሆነ ግድግዳ ተደገፍ፣ በረንዳ ላይ ከሆንህ ክርንህን በመደገፊያው አሳርፍ። ወፍ ስትፈልግ መጀመሪያ በዓይንህ ያዛት፤ ዓይንህን ሳትነቅል መነጽሯን ወደ ፊትህ አምጣ። መነጽር ይዞ ዛፍ ለዛፍ ማሰስ ትዕግሥት ያስጨርሳል እንጂ ወፍ አያሳይም።

12. የማትመለከትበት አቅጣጫ።

ይህን በደንብ ስማኝ። ገርጂ የቦሌ አየር ማረፊያ ጎረቤት ነው። አውሮፕላኑ በላይህ ሲያልፍ ማየት የልጅ ደስታ ነው፤ ነገር ግን ወደ ማረፊያው አጥር፣ ወደ ማማው፣ ወደ ማንኛውም ካምፕ ወይም የመንግሥት ተቋም መነጽር አታነጣጥር። ጥበቃው ምን እያየህ እንደሆነ አያውቅም፤ የመጠየቅ ሥራ ግን አለው። ቢጠይቅህ በትሕትና ንገረው፣ አሳየው፣ አትከራከር። ወፍ ለማየት ቢሾፍቱ ስትወርድም ይህንኑ አስታውስ፤ ሐይቆቹ ያሉባት ከተማ የአየር ኃይሉ መቀመጫም ናትና።

ከዚህ የባሰው የጎረቤት መስኮት ነው። የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤት በሙከራ ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው የእኛ ሰፈር ነው፤ ሕንፃ ከሕንፃ ፊት ለፊት፣ በረንዳ ከበረንዳ ትይዩ። ከበረንዳህ መነጽር አንስተህ ስትቆም ፊት ለፊት ልብስ የምታሰጣው እናት ሰማዩን እያየህ መሆኑን አታውቅም። ጣሪያ ላይ ወይም ሜዳ ላይ ውጣ፤ በረንዳ ላይ ከሆንክ ከአድማስ በላይ ብቻ ተመልከት። አንድ ጊዜ ስምህ ከተነሳ፣ ገርጂ ትንሽ ሰፈር ነው።

13. ታዲያ ምን ይታያል?

እዚሁ ሰፈር፣ ብዙ። ከማለዳ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ውጣ፤ ብርሃኑ ለትንሽ ሌንስ ይመቻል፣ ወፎቹም ያኔ ይበላሉ። ሥጋ ቤት አጠገብ የምትንሳፈፈው ጭልፊት ጅራቷ መሐል ላይ ገባ ያለ ነው፤ መሪ እንደሚያዞር ሰው ስትጠመዝዘው በዓይን አይታይህም፣ በስምንት እጥፍ ግን ግልጽ ነው። ቁራው ላይ ቆይ፤ ምንቃሩ ወፍራምና ጎባጣ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ከሆነ፣ እሱ ከአፍሪካ ቀንድ ውጪ የማይገኝ፣ በዓለም ላይ ካሉት ቁራዎች በግዝፈት ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ቆሻሻ ላይ ስላየነው ብቻ የናቅነው ወፍ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ከሚሰፍሩት ርግቦች መካከልም ማጅራታቸው ላይ ነጭ ያለባቸውን ለይ፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ያላቸው ርግቦች ናቸው። ቅዳሴ ሰዓት ላይ ግን መነጽርህን ኪስህ ክተት።

ግቢ ውስጥ አበባ ያለው ጎረቤት ካለህ ፈቃድ ጠይቀህ ተቀመጥ። ጥቁር መስላ የምትታይ፣ ረዥም ጎባጣ ምንቃር ያላት ትንሽ ወፍ አበባ ላይ ስታርፍ አንሳት፤ ፀሐይ ሲመታው ጥቁሩ ወደ ሐምራዊና ነሐስ ይለወጣል። ወንዱ ነው። የሳይንስ ስሙ በእኛው በተከዜ ወንዝ የተሰየመ ነው፤ ይህን ለጓደኞችህ ስትነግር አያምኑህም። ሳር ላይ ተሰብስቦ እየቆፈረ የሚበላ፣ ጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለ ሥጋ ያለው፣ ሲነሳ ሰፈሩን በጩኸት የሚያናውጥ ትልቅ ወፍ ካየህ እሱም የዚሁ ደጋ ልጅ ነው። ከፍ ብሎ የሚዞረውን ጥንብ አንሳም አትናቀው። ራሱ ላጣ፣ አካሉ ቡናማ የሆነው ትንሹ ዓይነት በመላው አፍሪካ ቁጥሩ ክፉኛ ወርዶ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተመድቧል፤ እኛ ግን ቄራ አካባቢ ስለምናየው የማያልቅ ይመስለናል።

መስከረም ላይ ዝናቡ አየሩን ካጠበ በኋላ ሕንፃ ካልጋረደህ ወደ ምሥራቅ ዙርና የረርን እይ፤ ከ3000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው፣ ሸንተረሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። በጣም በጠራ ጠዋት ወደ ደቡብ ዝቋላ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከጥር በኋላ አቧራው ይመጣና ሁለቱም ይሸሻሉ።

መነጽሯ ለጨለማ ትደክማለች ብዬሃለሁ፤ ጨረቃ ግን ብርሃኗ ይበቃታል። ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን እያት፤ ብርሃንና ጥላው በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹ ጥላ ጥለው ይታያሉ። ጁፒተር ሲወጣ ግድግዳ ተደግፈህ ትንፋሽህን ያዝ፤ ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራት ጨረቃዎች ከጎኑ በአንድ መስመር እንደ ነጥብ ይደረደራሉ። አንዳንድ ምሽት ሁለቱ ብቻ ይታያሉ፣ የተቀሩት ከፕላኔቱ ኋላ ወይም ከፊቱ ናቸው።

ከሰፈር መውጣት ስትጀምር ከኅዳር እስከ ጥር ቢሾፍቱ አጠገብ ጨለለቃ ሂድ፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ባለ ረዣዥም እግር ወፎች ውሃው ዳር ይሰፍራሉ። ብቻህን መሄድ ካልፈለግህ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አባላቱን ይዞ ወፍ ለማየት የመውጣት ልማድ አለው። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፤ የሚያውቅ ሰው አጠገብህ ሲኖር መለየቱ ይፈጥናል።

14. ስታውስ።

የሰፈር ልጆች ይጠይቁሃል፤ አትከልክላቸው። ነገር ግን መጀመሪያ ማሰሪያዋን አንገታቸው ላይ አጥልቅ፣ ከዚያ በኋላ ነው መነጽሯን እጃቸው ላይ የምታስቀምጠው። ማሰሪያው አሮጌ ከሆነ ጫፉን ጎትተህ ፈትን፤ የደረቀ ቆዳ ሳይናገር ይበጠሳል፣ በናይሎን ገመድ ተካው። ሌንሱን በጣት እንዳይነኩ ንገራቸው፤ ይነኩታል፣ አትቆጣ፣ ማታ በጎማው ነፍተህ ተመልከት፣ አስፈላጊ ካልሆነ አትጥረግ። ቀለበቱንም አዙረውት ይመልሱልሃል፤ ወደ ጥፍር ቀለሟ ነጥብ መልሰው።